ልጄ 11ኛ ክፍል የምትማረው ፊዚካል ጂኦግራፊ ምንድን ነው? የምታውቁ አስረዱኝ

እናት ከአራት ኪሎ

ሰላም ለዚህ ቤት። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። ሶሻል ነው የመረጠችው። አባቷ ናቹራል እንድትገባ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን «የወደደችውን ትማር» ብዬ ከእሷ ጋር ቆምኩ። ስለዚህ ነገሩ እኔንም ያሳስበኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዋ ታማ ስለቀረች የጂኦግራፊ ደብተሯን ኮፒ እንዳደርግላት ሰጠችኝ። ገጽ በገጽ ማሽኑ ላይ ሳስቀምጥ ዐይኔ ገባበት። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ዌዘሪንግ፣ ኤሮዥን፣ ዲፖዚሽን። እያንዳንዱ ሥር ሁለት መስመር ትርጉም አለ፤ በቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮበታል። ማታ ቡና ላይ «ኤሮዥን ምንድን ነው?» አልኳት። እንደ ውዳሴ ማርያም አነበነበችልኝ። «እሺ፣ አሁን በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። ዝም አለች።

እናቴ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ነው የምትኖረው። በየክረምቱ ወንዙ የአጥሯን ሥር ይበላዋል። እኔ ልጅ ሆኜ ከአጥሩ እስከ ወንዙ ገመድ የምንዘልበት ቦታ ነበር። አሁን አንድ ሰው ተጠንቅቆ ነው የሚያልፍበት። «ታዲያ የአያትሽ አጥር ኤሮዥን አይደለም ወይ?» አልኳት። «እማ፣ እሱ እኮ ጎርፍ ነው» አለችኝ።

ይሄ ከነከነኝ፤ ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው አደርኩ። ስሙን በቃሏ ታውቃለች፣ ነገሩን በዐይኗ አይታዋለች፣ ሁለቱ ግን አልተገናኙላትም። ክፍላቸው ውስጥ ያለው ካርታ አንድ ነው፤ እሱም ጫፉ ተቀዷል ትላለች። እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ነው፣ ቆይቷል። ለመሆኑ በዚህ ትምህርት ውስጥ ልጆቹ የሚያውቁት ምንድን ነው? ከሽምደዳ ያለፈ ነገር አለው? እኔስ በምን ላግዛት?

መምህር ከፒያሳ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጂኦግራፊ ሳስተምር 22 ዓመቴ ነው፤ ሁሉንም በዚሁ መሀል ከተማ። «እሱ እኮ ጎርፍ ነው» የሚለውን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እሰማዋለሁ። ልጅሽ ሰንፋ አይደለም። የምትማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ የምትኖረው በአማርኛ። መሀሉ ላይ ቆሞ የሚያገናኝላት ሰው ያስፈልጋታል። አንቺ ደግሞ ጀምረሽዋል። የእናትሽ አጥር እኔ ክፍል ውስጥ ካለኝ ማንኛውም ሥዕል ይበልጣል።

ፊዚካል ጂኦግራፊ ሰው ኖረም አልኖረም ምድር ላይ የሚሆነውን ነገር ያጠናል። መሬቱ ለምን እዚህ ከፍ፣ እዚያ ዝቅ አለ? ዝናቡ ለምን ሐምሌ ላይ ይበረታል? ወንዙ ወዴት ይሄዳል? አፈሩ ለምን አንዱ ሰፈር ቀይ፣ ሌላው ሰፈር ጥቁር ሆነ? ካርታ ማንበብም አብሮ አለ። ስሞቹ መምጣት ያለባቸው ከነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ነው። እኛ መምህራን ጊዜ ሲያጥረን ከስሞቹ እንጀምራለን፤ ልጆቹም ትምህርቱ ስም ብቻ ይመስላቸዋል።

እስቲ ወደ አጥሩ እንመለስ። ዌዘሪንግ ማለት ድንጋዩ ካለበት ሳይነቃነቅ መፈራረሱ ነው። ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ይበርደዋል፣ ዝናብ ይገባበታል፣ የዛፍ ሥር ይሰነጥቀዋል። ኤሮዥን ያንን የላላውን ነገር ውሃው ወይም ነፋሱ ቦርሽሮ ይዞት ሲሄድ ነው። ዲፖዚሽን ደግሞ ውሃው ጉልበት ሲያንሰው የተሸከመውን ሲጥል። ግንፍሌ ላይ ሦስቱንም በአንድ ቦታ ታያላችሁ። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ፈልጉ። በመታጠፊያው ውጪ በኩል ውሃው ይፈጥናል፣ ዳርቻውን ይቆርሳል፣ ገደል ያደርገዋል። በውስጥ በኩል ይዘገያል፤ አሸዋና ጠጠር ያስቀምጣል። የእናትሽ አጥር ከመታጠፊያው በውጪ በኩል ሳይሆን አይቀርም። ሂዱና እዩት።

አሁን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂያት። ግንፍሌም፣ ቀበናም፣ በፍልውሃ በኩል የሚያልፈው ባንቲይቀጡም ከእንጦጦ በኩል ወደ ደቡብ ነው የሚወርዱት። መጨረሻቸው አቃቂ ነው። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የአያቷን አጥር አፈር የወሰደው ውሃ መንገዱ ወደ አፋር ነው ማለት ነው።

አንድ ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይዘናል። አናቱ ላይ ስንደርስ አንዱን ልጅ ፊቱን ወደ ከተማው፣ ሌላዋን ፊቷን ወደ ሱሉልታ አዙሬ አቆምኳቸው። ጀርባቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። «አፍስሱ» አልኳቸው። የልጁ ውሃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ነው። የልጅቷ ግን በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ተፋሰስ ነው፤ ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተገናኝቶ፣ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል። መሀላቸው ያለው ስፋት አንድ ክንድ አይሞላም። ውሃ ከፋይ የሚባለውን ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ለዚያ ክፍል ተማሪዎች ደግሜ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እዚያው ሌላም ተማርን። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከመሀል ከተማው ወደ 800 ሜትር ወጥተናል፤ ስለዚህ 5 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞናል። ልጆቹ በቲሸርት ነበር የመጡት። ስሌቱን ደብተር ላይ ከመሥራታቸው በፊት በቆዳቸው አወቁት። ደጋና ወይና ደጋ የሚለውም ይኸው ነው። ደጋ ከ2,300 ሜትር ይጀምራል፤ የቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እናንተ አራት ኪሎ ያላችሁት በደንብ ደጋ ናችሁ። ወደ አቃቂ ስትወርዱ ወይና ደጋ ትገባላችሁ። በታክሲ፣ በአንድ ቀን!

የአየር ንብረቱን ክፍል እንደዚህ ጠይቂያት። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ሄዳለች፣ ከእኛ ብዙም አልራቀችም። ታዲያ ለምን ቀኑ ይበርዳል? ደመናው ጋርዷት ነው። ዝናብ የሚያመጣው ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥብ አየር ይገባልናል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ቀኑ ፀሐያማ ነው፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ይሰብራል። ለምን? ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝለት ብርድ ልብስ የለውም። ይህንን በራሷ አማርኛ ካስረዳችሽ ትምህርቱ ገብቷታል።

የመጨረሻውን በጣም እወደዋለሁ። እኛ ያለነው 9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 23 ገደማ። የነሐሴውን ደመና ይከለክለናል። የሚያዝያው ግን ደርሷል። ረጅም ምስማር ጣውላ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ምቱና ሜዳ ላይ አስቀምጡት። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ይጠፋል። ሰዓቱ ግን 6 ሰዓት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስሌቱን ለልጅሽ ተዪላት። ስንት ሰዓት ላይ ጥላው እንደሚጠፋ እሷ ትንገርሽ።

ፎርማን ከካዛንቺስ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የኮንስትራክሽን ሰው ነኝ። እህቴ፣ «ከሽምደዳ ያለፈ ነገር አለው ወይ» ላልሽው ከሥራዬ ልመልስልሽ።

ወደ ቦሌ በኩል ስንቆፍር ብዙ ጊዜ ጥቁር አፈር ነው የሚያጋጥመን። እኛ ብላክ ኮተን ነው የምንለው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ የተሠራበትን ነገር ሽቅብ ይገፋል። ግድግዳው ስንጥቅ የሚያወጣው፣ አጥሩ የሚያጋድለው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ስለዚህ ጠርገን አውጥተን ሌላ ገረጋንቲ እንሞላለን። ልጅሽ መጽሐፍ ላይ ቨርቲሶል የሚል ስም ካገኘች ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ይሄ ያልገባው አሠሪ የጠረጋውን ወጪ ለማትረፍ ብሎ አልፎት፣ በሁለተኛው ክረምት የሰርቪስ ቤቱ በር አልዘጋ ብሎ አይቻለሁ።

ኮንቱር ላይ፣ ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘው መስመር ማለቴ ነው፣ ብዙ ልጆች ይቸገራሉ። እኔ አዲስ ለሚመጡ ልጆች በድንች ነው የማሳየው። አንድ ትልቅ፣ ጎርበጥ ያለ ድንች ለሁለት ትቆርጫለሽ። የተቆረጠውን በኩል ወደ ታች አድርገሽ ሳህን ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ። ግማሽ ጣት ውሃ ትጨምሪና ውሃው የነካበትን ዙሪያውን በእስክርቢቶ ታሰምሪዋለሽ። እንደገና ግማሽ ጣት፣ እንደገና መስመር። ከዚያ ውሃውን ደፍተሽ ከላይ ቁልቁል እዪው። ድንቹ ገደል በሆነበት በኩል መስመሮቹ ተጠጋግተዋል፤ ለጥ ባለበት ተራርቀዋል። ካርታ ማለት ይሄው ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቸርችልን ስትወርጂ አንድ አንድ መስመር እያለፍሽ ነው።

ለምስማሩ ደግሞ ቱንቢ ተጠቀሙ። ከሌላችሁ ክር ላይ ቁልፍ እሰሩ። ምስማሩ ትንሽ እንኳ ካዘመመ ጥላው አይጠፋም።

ሶሻል ነበርኩ

ሰላም እናቴ። አምና 12ኛ ጨርሼ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ጂኦግራፊ ብሔራዊ ፈተና ላይ ስላለ የሸመደደ ልጅ አይዋጣለትም። እኔም እንደ ልጅዎ በቀይ አሰምር ነበር። የለወጠኝ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን አንድ ሰፈር መጻፍ ጀመርኩ። የጂኦተርማል ትርጉም ጎን «ፍልውሃ» ብዬ ጻፍኩ። ዝናቡ ወደ ምድር ውስጥ ሠርጎ፣ ጥልቅ ላይ ሞቆ፣ በስንጥቅ በኩል ተመልሶ ይወጣል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት ውሃ ማለት ነው። ከተማዋም እዚያ ናት የተጀመረችው፣ በ1879 ዓ.ም.። አንድ ሰፈር፣ ሁለት ትምህርት። ታሪክም ጂኦግራፊም።

አህጉራት እንዴት እንደተለያዩ የሚለው ላይ ደግሞ ሰዎቹን ማወቄ ረዳኝ። በፈረንጆቹ 1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ያለው ቬግነር፣ የዓለምን የአየር ንብረት በፊደል የመደበው የኮፐን አማች ነው። ሁለት ምዕራፍ፣ አንድ ቤተሰብ! ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስሞች ተምታተውብኝ አያውቁም።

አምና 2017 ላይ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነበርን። ሌሊት ላይ የቁም ሳጥኑ በር ብቻውን ይንኳኳ ጀመር። አምፖሉ ሲወዛወዝ አየሁ። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ደረጃ ላይ ነበረች። ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ነገር ነው። በማግስቱ ክፍል ውስጥ መምህራችን ትምህርቱን ትተው ስለ እሱ ብቻ አወሩን። ስምጥ ሸለቆው በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር እየሰፋ እንደሆነ፣ ከሥር ቅልጥ ዐለት ስንጥቅ ይዞ ሲገባ መሬቱ እንደሚናጥ ነገሩን። 1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ አፋር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር ላይ መሬቱ እስከ 8 ሜትር መከፈቱንም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ፍርሃቴ አልጠፋም። ግን ምን እየሆነ እንደነበር አወቅኩ። እናቴንም ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት።

የካርታ ሚዛን ስሌት ላይ በርቱ። 1 ለ50,000 ከሆነ ካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። እሱን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ማወቅ አለባት።

እናት ከአራት ኪሎ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የዘገየሁት ሁሉንም ሠርተን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ድንቹን በሕማማት ሰሞን ሱቅ ውስጥ ሠራነው። ደንበኞች እየመጡ «ምንድን ነው?» ሲሉ ልጄ ናት የምታስረዳው። አንድ አዛውንት ሰውዬ ድንቹን አንስተው እንጦጦን አሳዩኝ አሏት። እሷም ጎርበጥ ያለውን ጎኑን አሳየቻቸው።

ፋሲካን ያከበርነው እናቴ ቤት ነው። ማግስቱ ሚያዝያ 5 ሆነልን። ባለቤቴ ነው ምስማሩን ጣውላ ላይ የመታው። ክር ላይ የሱቄን ቁልፍ አስሮ ዙሪያውን እየለካ አቃናው። ልጄ ስሌቷን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችው። ከ45 ዲግሪ ላይ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ሲቀነስ 6 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ዲግሪ ከሩብ። በ4 ሲባዛ 25 ደቂቃ። ስለዚህ 6 ሰዓት ከ25። እሱ ወረቀቱን አይቶ ምንም አላለም፤ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን መመልከት ጀመረ።

6 ሰዓት ላይ ትንሽ ጥላ በምዕራብ በኩል ነበር። 6 ከ15 ላይ የስንዴ ፍሬ አከለ። እናቴ ሳትቀር በርጩማዋን ይዛ መጥታ ነበር። 6 ከ25 ላይ ምስማሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከሥሩ ምንም የለም። የእኛም ጥላ እግራችን ሥር ገብቷል። ባለቤቴ «ደግሞ ይሄ መቼ ነው የሚመለሰው?» አላት። «ነሐሴ 23» አለችው። «እስከዚያ ድረስ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ጥላችን ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው» ብላ ጨመረችበት። እኔ ይሄን አላወቅኩም ነበር።

ከምሳ በኋላ ወንዙ ዳር ወረድን። መምህር፣ እንዳሉት ነው። አጥሩ ያለው በመታጠፊያው ውጪ በኩል ነው። ማዶ በኩል የአሸዋ ቁልል አለ፤ የሰፈር ልጆች ይጫወቱበታል። ልጄ እዚያ ቆማ ለአያቷ በእጇ እያሳየች አስረዳቻት። «ውሃው እዚህ ይፈጥናል፣ ይቆርሳል። እዚያ ይደክመዋል፣ ይጥላል።» አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልነበረበትም። እናቴ «እኔስ ስንት ዓመት ጎረቤቶቼን ነበር የምወቅሰው፣ አፈሩን እየወሰዱ ለቤት መሥሪያ ያውሉታል ብዬ» አለች። አጥሩን ወደ ውስጥ ሁለት ሜትር ልናስገባው ተስማምተናል፣ ክረምት ሳይገባ።

አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ ባሕር ዳር ናት። ልጄ የእሷን ብቻዋን አሰላችው። ባሕር ዳር 11 ዲግሪ ተኩል አልፋ ሰሜን ናት፤ ፀሐይዋ በዚህ ወር አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን ለመሄድ ሦስት ቀን አይሞላባትም፤ ሰባት ቀን ገደማ ጨመረችበት። ኬንትሮሷን ከስልኳ አወጣች። ትናንት ማታ ደውላ ለአክስቷ «ሚያዝያ 12፣ 6 ሰዓት ከ30 ላይ ምስማር አቁሚ፣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» ስትል ሰማኋት። እህቴ ምን ብላ እንደመለሰች አልሰማሁም። ልጄ ግን «አይ፣ 6 ሰዓት አይደለም፣ ከ30 ነው፤ እናንተ ከእኛ ወደ ምዕራብ ናችሁ» እያለች ነበር።